አሥራ ሁለት ጊዜ የሞተው ተድላ

ከባለቤቴ ከተድላ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ሽንኩርት መግዛት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ቫሊ ከሚባለው ሰፈር ካለ የሐበሻ ሱቅ ገብተን፣ እሱ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየጨመቀ፣ እኔ "ብርቱካን አይደለም፣ አትጨምቀው" እያልኩት ሳለ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት ሴት ከበርበሬው መደርደሪያ አጠገብ ቆመው ያዩናል። ዞር ይላሉ፤ ደግመው ያያሉ። ተድላ ቲማቲም ሊመርጥ ፈቀቅ ሲል ቶሎ ብለው መጡና ክርኔን ያዙኝ።

"የኔ እህት" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "ይሄ ሰውዬ አሁንም ይመታሻል?"

"የቱ ሰውዬ?"

"ይሄ ነዋ! ያቺን ምስኪን በድስት ክዳን ሲፈነክታት በዓይኔ አይቻለሁ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ተድላ ከሰባት ዓመት በፊት በአንድ ፊልም ላይ ሚስቱን የሚደበድብ ሰካራም ሆኖ ሠርቶ ነበር። "እናቴ፣ እሱ እኮ ፊልም ነው" ልል አፌን ስከፍት ተድላ ቲማቲሙን ይዞ መጣ። ሰምቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ትከሻውን ጣለ፣ አገጩን ደረቱ ላይ አሳረፈ፣ ያን የሰካራም ድምፁን ከሰባት ዓመት በኋላ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ "ትቼዋለሁ እናቴ። ንስሐ ገብቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ" አለ።

ሴትዮዋ እንባቸው መጣ። ጎንበስ አድርገው ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና "አንቺም ብትሆኚ ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ" ብለውኝ ሄዱ።

መኪና ውስጥ አላናገርኩትም። "ምን አጠፋሁ?" አለኝ። "ሴትዮዋ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለዚያች ምስኪን ሲጨነቁ ኖረዋል። ዛሬ በሰላም ይተኛሉ።" በሚቀጥለው ሳምንት ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያ አልወጣም። ሞተ።

በእውነት ሞተ ማለቴ ነው። ይህን ለይቼ መናገር አለብኝ፤ ተድላ ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ጊዜ ሞቷል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ በሲያትል የአማርኛ ፊልም የሚባል ነገር አልነበረም። ተድላ ያን ጊዜ ሲታክ ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሳምሶን የሚባል የታክሲ ሹፌር አንድ ቀን የሠርግ ቪዲዮ ከሚቀርጽ ሰው ላይ አሮጌ ካሜራ ገዛና ራሱን ዳይሬክተር ብሎ ሾመ። የሚቀርጹት እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ሌላ ቀን ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ድርሰቱን የሚጽፈው ሳምሶን ቢሆንም፣ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የእያንዳንዱ ሰው የሥራ ፈረቃ ነበር። ሙሽራዋ ቅዳሜ ሌሊት ሠርታ ከደከማት ሠርጉ ይተላለፋል። ፖሊስ የሚሆነው ልጅ ሥራ ከተጠራ ሌባው አይያዝም።

ተድላ ደግሞ ከወሩ እሁዶች ሁለቱን ብቻ ነበር የሚያርፈው። ሳምሶን ለዚህ መፍትሔ ያገኘው በመጀመሪያው ፊልም ላይ ነው። እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ እየቀረጹ ነበር።

"ጋሽ ተድላ፣ የሚመጣው እሁድ ኦፍ ነዎት?"

"አይደለሁም፣ እሠራለሁ።"

"ከዚያ የሚቀጥለውስ?"

"እሱንም እሠራለሁ።"

ሳምሶን ወረቀቱን አገላብጦ አየ። "ኦኬ" አለ። "ሶ፣ ዛሬ ይሞታሉ።"

እንዲህ ተጀመረ። በልብ ድካም ሞተ። በመርዝ ሞተ። ከመሰላል ወድቆ ሞተ። በራሳችን መኪና፣ በራሳችን አፓርታማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተገጭቶ ሞተ፤ የምትነዳው ተዋናይት ፍሬን ላይ ስለምትዘገይ እኔ ጎማው አጠገብ ቆሜ እየጮህኩባት ነበር። በአንዱ ፊልም ደግሞ በናፍቆት ሞተ። በሽታ ለማሰብ ጊዜ ስላልነበራቸው ፎቶ እያየ ቀስ ብሎ አንገቱን ደፋ፤ ሐኪም ሆኖ የሚገባው ሰው "ናፍቆት ነው" ብሎ አንሶላ አለበሰው። ያንን ፊልም ያዩ ሰዎች ለወራት ያለቅሱ ነበር።

ሙያው አዲስ አልነበረም። ወጣት ሳለ በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ነበር፤ ጉንጩ ሞላ ያለ ስለሆነ ሁልጊዜ ባላባት ያደርጉታል። የዚያ ዘመን ድራማ ባላባት መጨረሻው ይታወቃል፤ ጭሰኛው ይነሣል፣ ባላባቱ ይወድቃል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። "አብዮቱ እኔን እየገደለ ነው የቆመው" ይል ነበር። እነዚያን ሞቶች ግን ከአሥራ ሁለቱ ጋር አይቆጥራቸውም፤ ካሜራ አልነበረማ።

ለሞት የራሱ ትምህርት ነበረው። "ሰው ሲሞት መጀመሪያ ጫማውን ያያል" ይላል። ለምን ብለው ቢጠይቁት "ከእንግዲህ የማያስፈልገው እሱ ስለሆነ" ይልዎታል፣ ፍጹም ኮስተር ብሎ። ከሥራ መልስ ሳሎን ወለል ላይ ተዘርግቶ ይለማመዳል። እኔ በዙሪያው ቫኪውም አደርጋለሁ። ልጃችን ሊያ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ጥላ ትራመደዋለች።

"ዳዲ፣ አጌን?"

"ዝም በይ፣ ሞቻለሁ።"

"ኦኬ። ማሚ፣ ዊ ሃቭ ፒዛ?"

ከሞት ውጭ ግን ያልሆነው ሰው አልነበረም። ዳኛ፣ ሐኪም፣ ሌባ፣ ደላላ፣ አንድ ጊዜ ሴት አያት። የሚሆነውን ሰው ከየትም አይፈጥርም፤ ይወስዳል። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ባለው መስተዋት መንገደኞቹን ሲያይ ይውልና ማታ ገብቶ አንዱን ያሳየኛል፤ ሻንጣው የጠፋበትን፣ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ የሚሄደውን፣ ፓስፖርቱ ኪሱ ውስጥ መኖሩን በየደቂቃው የሚዳብሰውን። ከዘመድም ይወስዳል። የወንድሜን አቀማመጥ ለአራጣ አበዳሪ ሰጥቶት ወንድሜ ሁለት ዓመት አኩርፎናል። የቄሱ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። በአንድ ፊልም ላይ ቄስ ሆኖ ሲሠራ፣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በፊት ሁለት አጫጭርና አንድ ረጅም ሳል ያስላል። ዲቪዲው በወጣ በሁለተኛው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ የኛው ቄስ በር ላይ ጠበቁት። መስቀል አሳለሙት።

"ተድላ ልጄ" አሉት። ሁለቴ አጠር አጠር አድርገው ሳሉ፤ አንዴ ረዘም አድርገው ሳሉ። "ሳሌን መልስልኝ።"

"አባቴ፣ እንዴት አድርጌ?"

"እኔ እንጃ። ሕዝቡ እኔ ሳስል መሳቅ ጀምሯል።"

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ነገር ይቆጨው ነበር፤ ሳይናገረው የዋለበት እሁድ የለም። ፊልሙ ሲያልቅ የተዋናዮች ስም ይወጣል አይደል? የሌላው ሁሉ ሚና ስም አለው፤ ሰላማዊት፣ ዳንኤል፣ ኤልያስ። የተድላ ግን "ሽማግሌ"፣ "ሰካራም"፣ "ሁለተኛው ሐኪም"፣ አንዳንዴ በቀጥታ "ሬሳ" ይላል። "ሙሉ" ይለኛል፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ስም ያለው ሰው ሆኜ፣ ሳልሞት እስከ መጨረሻው ብኖር ሌላ አልፈልግም።" እኔ ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር የምሰማው።

አሁን ስለ ሽማግሌዎቹ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እነሱን ነው።

አንድ ፊልም ላይ ሽምግልና የሚላክበት ትዕይንት ነበር። ተድላ የልጅቷ አባት ነው። ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ልጅህን ለልጃችን ይላሉ፤ እሱ እምቢ ይላል። በዕለቱ አንዱ ሽማግሌ ኦቨርታይም ተጠርቶ ቀረ። ሌላው መጥቶ ነበር፤ ግን የእሳት አደጋ ቧንቧ አጠገብ ፓርክ አድርጎ መኪናውን ጎትተው ወሰዱበትና እሱን ፍለጋ ሄደ። ሳምሶን ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ተድላ ሦስቱን ወንበሮች አየ፣ ጋቢውን አየ፣ መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ ወሰደና "እኔ አለሁ" አለ።

ሦስቱንም ሆነ። መጀመሪያ አባትየው ሆኖ ጋቢ ለብሶ ተቀረጸ። ከዚያ ነጭ ፂም ለጥፎ ምርኩዝ ይዞ አንደኛው ሽማግሌ ሆነ። ከዚያ ፂሙን አውልቆ በኔ መነጽር ሁለተኛው ሽማግሌ ሆነ። ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ፣ ራሱን ለምኖ፣ ራሱን እምቢ አለ። መነጽር ያደረገው ሽማግሌ እንዲህ ያለ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ወጣ፣ ሳምሶን ካሜራውን እንደያዘ "ጋሼ፣ ቀነስ ያድርጉ፣ ልጅቷን ሊሰጡ ነው እኮ" እስኪል ድረስ። ማታ እራት ላይ ተድላ አልበላ አለ።

"ምን ሆነሃል?"

"ያ ባለ መነጽሩ ሰውዬ ነገር ያበዛል" አለኝ። "ቤቴ መጥቶ እንዲህ ሊናገረኝ አይገባም ነበር።"

ዲቪዲው በየሱቁ ተሸጠ፤ ሰውም ወደደው። ከወራት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ባልና ሚስት ቤታችን መጡ። ልጃቸው ታኮማ ያለች ልጅ ወዷል፤ ሽማግሌ መላክ ይፈልጋሉ። "ያንን ባለ መነጽር ሽማግሌ አምጡልን" አሉ። ተድላ "እኔ ነኝ" አላቸው። አላመኑትም። መነጽሬን ሲያደርግ አመኑ።

ያን ቅዳሜ ልብሱን ሦስት ጊዜ ተኮሰ። በሕይወቱ የመጀመሪያው የእውነት ሽምግልና ነበር። ከሌሎች ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጋር ወደ ታኮማ ሄደ። እኔ ሥራዬ ላይ ነበርኩ፤ ሲታክ ካለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ። ስልኬ ጮኸ።

"ሙሉ፣ ስፒከር ላይ ነሽ" አለኝ ተድላ፣ ቀስ ብሎ። "አጠገቤ ትልልቅ ሰዎች አሉ።"

"ምን ሆንክ? ታሰርክ?"

"አልታሰርኩም። ጥያቄ አለ።"

አንድ ወፍራም ድምፅ ገባ። የልጅቷ አባት ነበሩ። "እመቤቴ፣ ሳላውቅዎ ስላስቸገርኩ ይቅርታ። ይሄ ሰውዬ ስንት ሚስት ነው ያለው?"

"እኔ ነኛ!"

"ሌላስ? አገር ቤት?"

የትኛው ፊልም እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዷን ሚስት አዲስ አበባ፣ አንዷን ሲያትል ያስቀመጠ ነጋዴ ሆኖ ሠርቶ ነበር። ሰውየው ዲቪዲው ቤታቸው አለ፤ ተድላ ሲገባ ዐይተው መደርደሪያው ላይ ካለው ፎቶው ጋር አስተያይተውታል።

"ጌታዬ" አልኳቸው፣ "ይሄ ሰው ካልሲውን የት እንዳወለቀ አያስታውስም። ሁለት ሚስት የት የት እንዳስቀመጠ በምን ያስታውሳል?"

ከወዲያ ሳቅ ሰማሁ። አባትየው "በሉ ተቀመጡ፣ ሴትዮዋ የምትታመን ናት" ሲሉም ሰማሁ።

ማታ ተድላ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ሰጡ?"

"ሰጡ። ላንቺ ነው የሰጡት። እኔን ማን አመነኝ?" ጫማውን አየ፤ ይህን ሲያደርግ ልቤ ድንግጥ አለ፣ ግን አልሞተም። "ይሄን ያህል ዓመት ሁሉንም ሆንኩላቸው። ፊቴን የሚያውቁት ሁሉ የሚያውቁት ሌላ ሰው ነው። አንድ ደህና ሰው ሆኜ ይዩኝ፣ ሙሉ። ስም ያለው። የማይሞት።"

ያን ቀን ነው ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ።

ጊዜው ሄደ። ፊልም በዲቪዲ መሸጥ ቀረ፤ ሰው ሁሉ በስልኩ ማየት ጀመረ። ሳምሶን ፀጉሩ ሸሸ፣ ካሜራውን ቀየረ። ሊያ ተመርቃ ሥራ ያዘች። የተድላ የሥራ ሰዓት ደግሞ ተለወጠና እሁዶቹ ሁሉ ነፃ ሆኑ፤ ሳምሶን የሚገድልበት ምክንያት አጣ። አንድ ቀን ወፈር ያለ ወረቀት ይዞለት መጣ። ዋናው ሰው አቶ ደምሴ ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ሴት ልጁ ቤት የሚኖር፣ እንግዳ ሲመጣ "አባባ፣ እስቲ ውስጥ ይሁኑ" እየተባለ መኝታ ቤት የሚደበቅ ሰው ነው። በመጨረሻ ሻንጣውን ይዞ ለብቻው ሊኖር ይወጣል፤ ባቡር ላይ ይሳፈርና ፊልሙ ያልቃል።

ተድላ ከመጀመሪያው ገጽ አልጀመረም። መጨረሻውን ገለጠ። ቆሞ አነበበ፣ ተቀምጦ አነበበ። ከዚያ ለሊያ ደወለ።

"ሊያ! እስከ መጨረሻው አለሁ!"

"ዋት? አር ዩ ሲክ?"

"ባቡር እሳፈራለሁ!"

"ኮንግራትስ ዳዲ" አለች፤ ምን እንደሆነ ግን ከኔ ነው የተረዳችው።

ለዘጠኝ እሁድ ተቀረጸ። ለደምሴ የሰጠውን አካሄድ ከማን እንደወሰደ ጠየቅኩት፤ ሁልጊዜ ይነግረኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን "ከአንድ ሰው" ብሎ አለፈኝ። የቀረው ያ የባቡር ትዕይንት ብቻ ነበር። ዝናብ ስላስቸገረ ወደሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ። ሽንኩርት የገዛነው በመሐል ባለው ቅዳሜ ነው።

ሐኪሙ ሕመሙ ቆሽት ላይ እንደሆነ ነገረን። ሊያ ስትተረጉምለት ተድላ ትንሽ አሰበና "ቆሽቴን ያሳረረው ሳምሶን ነው፣ ንገሪልኝ" አላት። አልተረጎመችውም። ሐኪሙ ግን ለምን እንደምንስቅ ሲጠይቅ ጊዜ ለማስረዳት ሞከረች፤ ሰውየው "ሳምሶን" የሚለውን እንደ አደገኛ ምግብ ማስታወሻው ላይ ሳይጽፈው አይቀርም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ሳለን እጄን ያዘኝ። "ሳምሶን ደምሴን እንዳይገድለው" አለኝ። "አውቀዋለሁ፣ ሲጨንቀው ይገድላል። አደራ።"

"እሺ" አልኩት።

ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ። ሥራውን ለሃያ ዓመት ያህል በቅርብ ስላየሁ ሳላዳላ ልፍረድ፤ ከሞቶቹ ሁሉ ያልተዋጣለት ይሄኛው ነው። ጫማ እንኳ አላደረገም። ኑዛዜ የለም፣ እጅ ማንሣት የለም፣ "ልጆቼን አደራ" የለም። እኔ የውሃ ጠርሙስ ክዳን እየከፈትኩ ሳለ አለቀ። ዞር ስል አልፏል። እንደገና ይቀረጽ የሚል ሰው አልነበረም።

ሳምሶን ከአርባው በኋላ ቤት መጣ። እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል አድርጎ ተቀመጠ።

"እትዬ ሙሉ፣ የቀረን አንድ ትዕይንት ነው። በጣም አሰብኩበት። ሶ፣ ስልክ ይደወላል። ልጅቷ ታነሣለች። 'አባዬ!' ብላ ትወድቃለች። በቃ።"

"ምን ሆነና?"

"ሞተው።"

"ማን?"

"አቶ ደምሴ ነዋ።"

"አይሞትም።"

"እትዬ፣ ሕዝቡ እኮ ጋሼ ማረፋቸውን ያውቃል። እንደ መታሰቢያም ይሆናል። ቢያለቅሱ ምን ይላል?"

"ያረፈው ተድላ ነው። ደምሴ ምን አግብቶት ነው የሚሞተው?"

"ሌላ ምን ላድርግ?"

"አሥራ ሁለት ጊዜ ገድለኸዋል፣ ሳምሶን። ዝም አልኩህ። በገዛ መኪናዬ ገጭተህ ገድለኸዋል፤ ዝም አልኩህ። በናፍቆት ሳይቀር ገድለኸዋል! ይሄን አንዱን ግን አትነካውም።"

ሳምሶን አንገቱን ደፋ። እንደሚያለቅስ ያወቅኩት ትከሻውን አይቼ ነው። ሻይ ቀዳሁለት። ጠጥቶ ሲጨርስ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና "ኦኬ" አለ። "ባቡሩ ላይ ሲሳፈሩ ከኋላ ነው የሚታዩት። ፊት አያስፈልግም። ግን በቁመት እሳቸውን የሚሆን ሰው ከየት ይመጣል?"

"እኔ አለሁ" አልኩት። "ቁመታችን እኩል ነው።"

በዚህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተከራክረናል። እሱ ሁለት ጣት እበልጥሻለሁ ይል ነበር። ሁለቱ ጣቶች ፀጉሩ ነበሩ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያው ሄድን። የደምሴን ካፖርት ለበስኩ፣ ባርኔጣውን ደፋሁ፣ ሻንጣውን ያዝኩ። ሪዝም ለጠፍኩ። ሳምሶን "እትዬ፣ ከኋላ እኮ ነው፣ ሪዙ አይታይም" ብሎኝ ነበር፤ ተድላ ግን ሪዝ ያለው ሰው ከኋላም ያስታውቃል የሚል ሰው ስለነበር አላወለቅኩም። ሊያ ጃንጥላ ይዛ ካሜራው እንዳይረጥብ ትከላከላለች።

"መጀመሪያ የጋሼን አካሄድ በላፕቶፕ አሳይዎታለሁ" አለኝ ሳምሶን። "ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ወደ ውጭ ጣል ያደርጋሉ። ከባድ ነው፤ እንለማመዳለን።"

እሱ ላፕቶፑን ከቦርሳው እስኪያወጣ ብርዱ ስላስቸገረኝ ሻንጣውን ይዤ ከመብራቱ ምሰሶ እስከ ቲኬት መሸጫው ወዲያ ወዲህ አልኩ።

"በቃ!" ብሎ ጮኸ ሳምሶን። "እሱ ነው! ያው እሱ ነው! የት ተለማመዱት?"

"ምኑን? ገና አልጀመርኩም እኮ።"

ሊያ ጃንጥላውን ዝቅ አደረገች። ካሜራው ረጠበ። "ማሚ" አለችኝ፣ "ዳዲ ያንቺን ዎክ ነው የወሰደው።"

ጉልበቴን ቀዶ ሕክምና ካደረግኩ ወዲህ ቀኝ እግሬን ትንሽ ወደ ውጭ እጥለዋለሁ። ለኔ አይታወቀኝም። ለዚያ ነው "ከአንድ ሰው" ብሎ ያለፈኝ። እዚያው ጣቢያው ላይ፣ ሪዝ ለጥፌ፣ "ሌባ!" አልኩ ጮክ ብዬ። አንዲት ፈረንጅ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ ለትንሽ ጊዜ መቀረጽ አልቻልንም።

የመጀመሪያው ቀረጻ ተበላሸ። ባቡሩ መጣ፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ልክ እግሬን ሳነሣ ከኋላዬ "ተድላ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንድ አዛውንት ናቸው፤ ከዚያው ባቡር ወርደው ነው። "ተድላ አይደለህም እንዴ? እኔ ራሴ አይደለሁ አፈር ያለበስኩህ!"

ዞር አልኩ። ሪዜን አዩ። ሦስት ጊዜ አማተቡ።

"ሙሉ ነኝ፣ አባባ።"

"ሙሉ? ምነው ልጄ፣ ኀዘኑ ሪዝ አበቀለብሽ?"

"ለፊልም ነው።"

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነፈሱ። "አይ ተድላ፣ ሞቶም አላስቀመጠንም" አሉ። ከዚያ ሳምሶንን አዩ፣ ካሜራውን አዩ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ። "እኔስ ምን ልሁን?" በሁለተኛው ቀረጻ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አዛውንት እሳቸው ናቸው። ወደ ካሜራው እንዳያዩ ተነግሯቸው ነበር፤ አዩ።

ፊልሙን ሳምሶን በተከራየው አዳራሽ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አሳየ። ቦታ አልነበረም፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁሉም ሶፍት ይዞ ነው የመጣው። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ለሚስቱ ሲነግራት ይሰማኛል። ደምሴ ደረጃ ሲወጣ "አሁን ልቡን ይይዛል" አላት። ደምሴ ሾርባ ሲጠጣ "መርዝ አለበት" አላት። ደምሴ ከልጁ ጋር ተጣልቶ ጫማውን ሲያይ "በቃ፣ ይሄው" አላትና ሁለቱም ሶፍታቸውን አወጡ። ደምሴ ጫማውን አሠረና ተነሣ።

ባቡሩ መጣ። እኔ፣ ማለቴ ደምሴ፣ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ጣል እያደረገ ገባ። በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ሄደ።

"ይጋጫል" አለ ከኋላዬ ያለው ሰው።

አልተጋጨም። ስክሪኑ ጠቆረና ስሞቹ መውጣት ጀመሩ፤ ከሁሉም በላይ "ደምሴ" ብሎ፣ ፊት ለፊቱ የተድላ ሙሉ ስም። ሕዝቡ ምን ማድረግ እንዳለበት የጠፋው ይመስላል።

"አልሞተም እኮ!" አለ ሰውየው፤ ተቆጥቶ ማለት ይቻላል።

"አልሞተም" አልኩት ዞር ብዬ።

ሚስቱ ያልረጠበ ሶፍቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ከዚያ ጭብጨባው ጀመረ፤ ሳምሶን መብራቱን እስኪያበራ ድረስ አላቆመም።

እኔ አሁንም ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲታክ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥፋለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሳምሶን ወደሚቀርጽበት ቤት ሄጄ ለሰዎቹ ምሳ አቀርባለሁ፤ ሬሳ ሆነው ለሚተኙት ደግሞ ወለሉ ስለሚበርድ ከሥራቸው ብርድ ልብስ አነጥፍላቸዋለሁ።